የወይዘሮ ፍረወይኒ አራት ደቂቃ

ማርች 3፣ ሰኞ

ሳን ሆዜ ደርሼ መጣሁ። በባቡር ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት፤ ስብሰባው ሃያ አምስት ደቂቃ። ዘመቻውን የምትመራው ናዝሬት የምትባል ልጅ ናት። ለአንድ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ትሠራለች። ዕድሜዋ ከልጄ ከቢታንያ ያንሳል፣ አጀንዳ ስትይዝ ግን ሚኒስትር ናት።

የሚገፉት ረቂቅ ሕግ የድምፅ መስጫ ወረቀት በአማርኛና በትግርኛም ተተርጉሞ እንዲላክ የሚያስገድድ ነው። የአየር ብክለት ሰዎች ምን አገባችሁ በምርጫ ወረቀት ብዬ ጠየቅኳት። «ጋሽ ሰርፀ፣ ሰዉ ባሎቱን ማንበብ ካልቻለ ኤር ኳሊቲ ላይ የምናወጣውን ሕግ ሁሉ እኮ ይገለብጡብናል» አለች። መልሱን አውቀው ነበር። የጠየቅኳት እሷ ታውቀው እንደሆነ ለማየት ነው።

ከዚያ «ስቶሪ ያስፈልገናል» አለች። ሳክራሜንቶ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «ማንበብ ስላልቻልኩ በስሕተት መረጥኩ» የሚል አንድ ሰው። የሚያውቁት ሰው አለ ወይ?

አለ አልኳት። ለምን እንደቸኮልኩ አላውቅም።

የኖቬምበሩን ነገር እዚህ ደብተር ላይ በወጉ አልጻፍኩትም። ባጭሩ ይኸው። የከተማችን የኦክላንድ ምክር ቤት የከባድ መኪና ማቆሚያ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ እንዳይሆን፣ ሞተር አስነስቶ መቆምም እንዲቀር ደንብ አወጣ። የማቆሚያው ባለቤቶች ፊርማ ሰብስበው ደንቡን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። ጥያቄው «ደንቡ ይጽና ወይ?» ነው። «አዎ» ያለ ደንቡን ያጸናል፣ «አይ» ያለ ይሽረዋል። የእኛ ሰዎች መኪና አይ፣ ጭስ አይ ብለው «አይ»ን አጠቆሩ። ደንቡ በስድሳ አንድ ድምፅ ልዩነት ተሻረ። የእኛ እድር አባላት ብቻ ሰማንያ ሦስት ነን።

ቋንቋው ነው። ያ እንግሊዝኛ ለእንግሊዞቹም አይገባቸውም።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

የእድር ስብሰባ። ስለ ረቂቅ ሕጉ ሃያ ደቂቃ አስረዳሁ። ጥሩ ተናግሬያለሁ። ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። ድሮ እኔ ተናግሬ ስጨርስ ቢያንስ አምስት እጅ ይወጣ ነበር።

ሰብሳቢያችን ሰላሙን ብቻ ነው አፉን የከፈተው። ሃያ ስምንት ዓመት የልብስ ንጽሕና ቤት ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ እድፍ መፈለግ አይተውም።

«ስለዚህ ኢንጂነር፣ ምክንያቱ ቋንቋው ነው እያሉን ነው?»

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«አይ፣ ለመጠየቅ ያህል ነው» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ዞር ብዬ አላየሁም።

ምስክር ያስፈልገናል ስል ወይዘሮ ፍረወይኒ እጃቸውን አወጡ። ቤታቸው ከማቆሚያው አጥር ማዶ ነው። አርባ ከባድ መኪና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሞተር ያሞቃል። የመስኮቱን ጠርዝ በፕላስቲክ ፕላስተር አሽገውታል፤ ያም ሆኖ በአፋቸው የሚስቡት የአስም መድኃኒት ከእጃቸው አይለይም። «እኔ እሄዳለሁ። በገዛ እጄ ነው ያጠቆርኩት፣ በገዛ አፌ እናገራለሁ» አሉ።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው።

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደግ ነገር ስናገር ሰው እንደዚህ ያየኛል እንዴ?

ማርች 9፣ እሑድ

በዚህ አገር ደንብ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ተቀየረ። እንቅልፍ የለም። ሰላሙን «ለመጠየቅ ያህል» ያለው ለምንድን ነው?

ማርች 15፣ ቅዳሜ

ወይዘሮ ፍረወይኒ ቤት ሄጄ ምስክርነቱን አዘጋጀን። ለአንድ ምስክር የሚፈቀደው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በአስተርጓሚ ከሆነ አራት ይሆናል። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ አሳጥሬ እጽፋለሁ። ስለ ጭሱ በደንብ ተናገሩ። ልብስ ማስጣት እንደተዉ፣ የልጅ ልጃቸው እሳቸው ጋ እንዳያድር እናቱ እንደከለከለች። ይሄ ጥሩ ነው አልኩ፣ ይሄ ይግባ።

ከዚያ «ያን ቅዳሜ ሁላችንም ወረቀታችንን ይዘን አዳራሽ መጣን፣ እርስዎም በሩ አጠገብ...» ብለው ጀመሩ።

«ይሄን እንዝለለው፣ ጊዜ አይበቃንም» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝና «እሺ» አሉ።

እስቲ እንደነበረው ልጻፈው፤ ይሄን ደብተር የሚያነበው የለም። ኦክላንድ ውስጥ የእኛ ሰው የመንግሥት ወረቀት ሲመጣለት ወደ እኔ ነው የሚያመጣው። የቤት ማመልከቻ፣ የሕክምና ካርድ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ። ሠላሳ ዓመት በየወሩ አንድ ቅዳሜ የአዳራሹ በር አጠገብ ጠረጴዛ ይዤ ተቀምጫለሁ። ጠይቁኝ አላልኳቸውም። ኮርቼበታለሁ ብል ግን ውሸት አይሆንም። የምርጫ ወረቀት በፖስታ ቤት ለቤት ሲመጣም ፖስታውን ሳይከፍቱ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ማንን እንደሚመርጡ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ምን እንደተጻፈ ብቻ ነው የምነግራቸው።

ያን ቅዳሜ የመጡት ሰማንያ ሦስት አይሆኑም። ሰባ ገደማ ነበሩ። የጥያቄውን መግለጫ አንብቤዋለሁ። ሙሉውን አይደለም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። ርእሱን አንብቤያለሁ፤ ስለ ከባድ መኪና ማቆሚያ ይላል። ርእሱ ግልጽ ነበር። ማንም ሰው እንደዚያ ነበር የሚረዳው። እኔም ያልኩት ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

ማርች 19፣ ረቡዕ

ናዝሬት ደወለች። «ኢንተርፕሪተር ሪኩዌስት ላድርግ? ዴድላይኑ ሳያልፍ ማሳወቅ አለብን።» አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ አልኳት። «ኮንፍሊክት አይሆንም ግን? እርስዎም የካምፔይኑ ሰው ነዎት።» ምን ዓይነት ኮንፍሊክት አልኳት፤ ሰው ቢያመጡ የወይዘሮ ፍረወይኒን አነጋገር አይለምደውም፣ የኤርትራ ለዛ አለበት፣ ያበላሸዋል። እሺ አለች።

አነጋገራቸው ከእኔ አማርኛ ይጠራል።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ጠረጴዛዬ ላይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ተቀመጥኩ። አንድም ሰው አልመጣም። ከገና ወዲህ እንደዚህ ነው። ሰው የልጆቹን ስልክ መጠቀም ለምዷል መሰለኝ፤ ወረቀቱን ፎቶ ያነሱታል፣ ስልኩ ይተረጉማል። ጥሩ ነው። እኔም አርፋለሁ።

የሰላሙን ልጅ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ከሦስት ሴቶች ጋር ወረቀት ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ሳያት አንገቷን አቀረቀረች። የቤት ሥራ ይሆናል። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው።

ማርች 26፣ ረቡዕ

ቢታንያ ኩፐርቲኖ ካለው ሥራዋ ወጥታ እኔ ጋ መጥታ እራት በላች። ጾም ስለሆነ ምስርና ጎመን ነው ያቀረብኩት። የምስክርነቱን ጽሑፍ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችና «ዳድ፣ ሁ ቶልድ ዘም ቱ ቮት ኖ?» አለች።

«አይ» በሉ ያላቸው ማንም የለም አልኳት። ሰው እርስ በእርሱ ያወራል።

መልሳ አልጠየቀችኝም። ሳህኑን አጠበች፣ ያልቆሸሸውንም ጨምራ አጠበች። ምስክርነቱ በሚሰማበት በኤፕሪል ዘጠኝ ፈቃድ ወስዳ በመኪናዋ ሳክራሜንቶ ታደርሰናለች። እናቷ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ጥያቄውን እንደዚህ አትተወውም ነበር። ለዛሬ ብቻ ባለመኖሯ ደስ አለኝ። ይሄን በመጻፌ አፈርኩ።

ኤፕሪል 2፣ ረቡዕ

ሰላሙን አሥራ አንድ ሰው በቫን ይዞ እንደሚመጣ አስታወቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ወይዘሮ ፍረወይኒን በስልክ አለማመድኳቸው። «ጥያቄ ከጠየቁዎት አጭር መልስ ይስጡ። አዎ ወይም አይደለም።»

«እውነቱን እናገራለሁ፣ ይበቃል» አሉ።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

ከሳክራሜንቶ መምጣቴ ነው። ጫማዬን አላወለቅኩም።

ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ኮሪደር ላይ አስቀመጡን። ወይዘሮ ፍረወይኒ ነጭ ሹራብ ለብሰው፣ መድኃኒታቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ሲጠሩን ክንዴን ይዘው ገቡ። ማይክሮፎኑ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ። ጥሩ ሄደ። ስለ ልጅ ልጃቸው ሲናገሩ አንዱ የምክር ቤት አባል ስልኩን አስቀመጠ።

ከዚያ ደጋፊዎች ተሰልፈው ስማቸውን፣ ከተማቸውንና መደገፋቸውን ብቻ ተናገሩ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። «ሰላሙን፣ ኦክላንድ፣ ሰፖርት» አለና ወደ እኔ ሳያይ አለፈ። አሥራ አንዱም እንደዚያው። ተቃዋሚዎቹ ስለ ወጪ አወሩ።

ጥያቄ ይፈቀዳል ተባለ። ዳር የተቀመጡ አንዲት ሽማግሌ የምክር ቤት አባል፣ ትሑት ሴት፣ ወይዘሮ ፍረወይኒን ስለመጡ አመስግነው ጠየቁ። ወረቀቱን ሲሞሉ የረዳዎት ሰው ነበር ወይ?

ጥያቄውን በትክክል ተረጎምኩ። ይሄን ማንም ሊወቅሰኝ አይችልም።

ወይዘሮ ፍረወይኒ ወደ ሴትዮዋ አላዩም። ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እርስዎን ጠየቅንዎት። እርስዎም ‹አይ› የሚለውን አጥቁሩ አሉን።»

ማይክሮፎኑ አጠገቤ ነው። ቀዩ የመብራት ሰዓት ይቆጥራል። ናዝሬት ከኋላ አለች፣ ቢታንያ አለች፣ አሥራ ሁለቱ የእድር ሰዎች አሉ።

«ኖባዲ» አልኩ። «ሺ ሰይስ ኖባዲ ሄልፕድ ኸር።»

የምክር ቤት አባሏ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁና ችግሩ ይኸው ነው አሉ። ረቂቁ አምስት ለሁለት አለፈ።

ኮሪደር ላይ ናዝሬት አቀፈችኝ፤ አለቀሰች ሁሉ። ወይዘሮ ፍረወይኒ ያሉትን ሰምታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሰላሙን እጄን ጨበጠ፤ ቶሎ አለቀቀኝም። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ኢንጂነር።» ሌሎቹ ቫኑ ውስጥ ገብተው ነበር።

በቢታንያ መኪና ተመለስን። ወይዘሮ ፍረወይኒ ቤታቸው ሲወርዱ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ቢታንያን ብቻ ነው ያመሰገኑት። ሳይታወቃቸው ይሆናል። ደክሟቸዋል።

ሌክ ሜሪት፣ ቤቴ ደርሰን በሩ ላይ ስታወርደኝ ቢታንያ ሞተሩን አጠፋች። «አይ አንደርስታንድ አምሃሪክ፣ ዳድ» አለችኝ። አማርኛ ይገባኛል ማለቷ ነው። ከዚያ አስነስታ ሄደች።

ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ

ሕጉ ኮሚቴውን አልፏል። ትልቁ ነገር እሱ ነው። እውነቱን ብተረጉም ኖሮ ተቃዋሚዎቹ «ይኸው፣ ችግሩ ቋንቋ አይደለም፣ የተማረ ሰው ነው ያሳሳታቸው» ብለው ቀኑን ሙሉ ያወሩበት ነበር። ወይዘሮ ፍረወይኒም ያን ሁሉ ሰው ፊት ይሸማቀቁ ነበር። ለእሳቸው ብዬ ነው።

ለእሳቸው ብዬ አይደለም።

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ወይዘሮ ፍረወይኒ በሰላሙን እጅ ዳቦ ላኩልኝ። የተቀየመ ሰው ዳቦ አይልክም ብዬ ተጽናናሁ። ሰላሙን ገብቶ ይቀመጥ ዘንድ ለመንኩት፤ መኪናዬ መጥፎ ቦታ ነው የቆመው አለ። ሊሄድ ሲል ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት ወይዘሮ ፍረወይኒ ትንፋሽ አጥሯቸው ኢመርጀንሲ እንዳደሩ ነገረኝ።

«ዳቦውን ከዚያ መጥተው ነው የጋገሩት?»

«ሰው ጾሙን አይፈታም ወይ ብለው» አለ።

ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነው። አልቆረስኩትም።

ሜይ 6፣ ማክሰኞ

አሁን ረቂቅ ሕጉ ወጪ የሚመረምረው ኮሚቴ ጋ ነው። ናዝሬት «ፖዘቲቭ ነኝ» ትላለች። የምስክርነቱ ቪዲዮ የማኅበሩ ገጽ ላይ ወጥቷል። ሁለት ጊዜ አየሁት። በሁለተኛው ድምፁን ዘግቼ ነው ያየሁት። ድምፅ ሳይኖረውም ፊቴ ያስታውቃል።

ሜይ 23፣ ዓርብ

ሞተ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ በመቶዎች የሚቆጠሩ ረቂቅ ሕጎችን በተርታ ያነብባል፣ ከእያንዳንዱ በኋላ አንድ ቃል፤ ያልፋል ወይም ይቀራል። የእኛ ይቀራል ተባለ። ምክንያት የለም፣ ክርክር የለም፣ ድምፅ አሰጣጥ የለም። አራት ሰከንድ አልፈጀም። ናዝሬት ስልክ ላይ «በሚቀጥለው ዓመት እንደገና» አለች፤ ድምፅዋ ግን ተሰብሯል። ወጪው በዝቷል ተብሎ ይሆናል ትላለች።

ስለዚህ ውሸቴ የገዛልኝ ስድስት ሳምንት ነው። ብቻዬን ሳቅኩ። ራሴን ጠላሁት፤ ይሄን ለመጻፍ ሌላ የሚያምር ቃል አልፈልግም።

ሜይ 25፣ እሑድ

ቢታንያ ከኤፕሪል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ ነበር። እንድጠግንላት ያመጣችውን የቡና ማሽን ፈትቼ ሳይ፣ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ፍረወይኒ ናቸው። አሳንሰሩ ተበላሽቷል፤ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል። ትንፋሻቸው እስኪመለስ አሥር ደቂቃ ያህል ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መድኃኒቱን ሁለቴ ሳቡ። እኛም ቆመን ጠበቅን።

«ቢሉ ሞተ አሉኝ።»

«አዎ። ሞተ።»

ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ከእሳቸው ዓይን የምሸሽበት ክፍል ቤቴ ውስጥ የለም። «ወይዘሮ ፍረወይኒ፣ በኖቬምበር ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ሳላነብ ነው የነገርኳችሁ» አልኩ። ሰባት ወር የፈጀብኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

«እናውቃለን» አሉ።

ተቀመጥኩ።

«በዲሴምበር እርስዎ ጉንፋን ይዞዎት የቀሩ ጊዜ የሰላሙን ልጅ ወረቀቱን አንብባ አስረዳችን። ሰዉ ተቆጣ። ሄደን እንንገረው ያለም ነበር። እኔ ነኝ ተዉት ያልኩት። ትልቅ ሰው ነው፣ ሲያውቀው ራሱ ተነሥቶ ይናገራል አልኳቸው። ያልተሳሳተ ማን አለ?»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ሠላሳ ዓመት ወረቀታችንን ያነበበልንን ሰው እንዴት ብለን?»

ቢታንያ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«ሳክራሜንቶም የሄድኩት ለዚያ ነው» አሉ ወይዘሮ ፍረወይኒ። «እዚያ ከጠየቁኝ እናገራለሁ፣ እሱም ይተረጉመዋል፣ በዚያው ይገላገላል ብዬ። እርስዎ ግን በእኔ አፍ ዋሹ። ሆቴል ሳጸዳ ነው ያረጀሁት፤ ኖባዲ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን አነሡ፤ ይቅር ማለት ይሁን ዝም በል ማለት አልገባኝም። ምን ላድርግ አልኩ።

«ያልኩትን እንዳልኩት ጽፈው ለዚያ ኮሚቴ ይላኩልኝ።»

«ሕጉ እኮ ሞቷል። አሁን ማንን ይጠቅማል?»

«ስሜ እዚያ መዝገብ ላይ አለ። ከስሜ ሥር የተጻፈው ቃል የእኔ አይደለም።»

ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ብዬ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ «አንድ የማኅበረሰቡ አባል ምክር ሰጥቶን ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ቀጥሎ «የጥያቄው አቀራረብ አሻሚ በመሆኑ አስተርጓሚያችንም ጭምር» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም ቀደድኩት። እጄ ራሱ ለእኔ ይሟገታል። በሦስተኛው እንዲህ ጻፍኩ፦ ድምፅ ስሰጥ ማን እንደረዳኝ ተጠይቄ ነበር። የረዳኝ በእለቱ አጠገቤ ተቀምጦ ያስተረጎመልኝ ሰው ነው። «አይ» በሉ ያለን እሱ ነው። እኔ ይህን ተናግሬ ነበር። እሱ ማንም አልረዳትም ብሎ ተረጎመው።

«ላንብብልዎ» አልኩ።

«ቢታንያ ታንብብልኝ» አሉ።

ቢታንያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። አጠገባቸው ተንበርክካ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ካየች በኋላ በአማርኛ ነገረቻቸው፤ እየተቆራረጠባት፣ አንዳንዱን ቃል እየፈለገች፣ አንዱንም ሳትዘል። ስትጨርስ «እንደዚህ ነው ያሉት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እንደዚህ ነው ያልኩት» አሉና ፈረሙ። ወረቀቱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አጥፈው ለእሷ ሰጧት።

«አንቺ ላኪው» አሏት።

ቢታንያ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ክንዳቸውን ያዘች። እኔ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። በየፎቁ ሲያርፉ፣ የትንፋሻቸው ድምፅ እስከ ታች ድረስ ይሰማኝ ነበር።